አባይ ማደሪያ አለው፤ ከዳንግላ ደጋ እስከ ጣና ወሽመጥ

ስለ ባሕር ወሽመጥ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ፈጥኖ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ኤደን ይሄዳል። ወሽመጥ ማለት ውሃው ወደ የብስ ገባ ብሎ፣ በግራና በቀኝ ምድር ታቅፎ የሚያርፍበት ስፍራ መሆኑን በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ተምረናል። ጀልባ ከማዕበል የሚጠለለው፣ ዓሣ አስጋሪ መረቡን የሚዘረጋው፣ ከተማም የሚቆረቆረው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ በአገራችን እምብርት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መገኘቱን ልብ የምንል ጥቂቶች ነን። ይኸውም የጣና ሐይቅ በደቡብ ጫፉ ጠበብ ብሎ ወደ ባሕር ዳር ከተማ የሚገባበት ወሽመጥ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ወሽመጥ ከነታሪኩ፣ ከነትውፊቱና ከነውበቱ ለአንባቢያን ለማስተዋወቅ እንሞክራለን። ጉዞውን የምንጀምረው ግን ከዳንግላ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ዳንግላ ደጋ ናት፣ ሐይቅም የላት፣ ምን አገናኛቸው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱን ወንዞቹ ራሳቸው ይሰጡናል።

ውሃ የሚካፈልበት ደጋ

ዳንግላ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምዕራብ 78 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል በሚመጣው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የአዊ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ2,100 ሜትር ያልፋል። በዓመት የሚወርድላት ዝናም ከ1,500 ሚሊ ሜትር የማያንስ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ያህል የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ በክረምት የዳንግላ ሜዳ ጨፌ ይሆናል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ በእጅ የተቆፈሩት አንዳንዶቹ ጉድጓዶች ይነጥፋሉ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በዚህ አገር ቧልት ብቻ አይደለም።

በወረዳው ምድር ላይ የሚወርደው ዝናም ሁለት መንገድ አለው። ከፊሉ በቅልቲና በመሰል ወንዞች አድርጎ ወደ ግልገል አባይ ይገባል፤ ግልገል አባይም ይዞት ወደ ጣና ይወርዳል። ከፊሉ ደግሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ከበለስ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በአንድ ደጋ ላይ አብረው የወረዱ ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ተለያይተው፣ አንዱ ወደ ሐይቅ፣ አንዱ ወደ ቆላ ይጓዛል ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ግን ከተለያዩ በኋላ የሚገናኙበት መንገድ መብዛቱ ነው። በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ ከደቡብ ምዕራብ ዳርቻው ወስዶ፣ 12 ኪሎ ሜትር በሚያህል የመሬት ውስጥ ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ይለቀዋል። የማመንጨት ችሎታውም 460 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ ከዳንግላ ወደ ጣና የሄደው ጠብታ በዚህ ዋሻ አልፎ ወደ በለስ ከሄደው ወንድሙ ጋር ሊገናኝ ይችላል። በዋሻው ያላለፈውም በአባይ በረሓ ዞሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከበለስ ውሃ ጋር አንድ ይሆናል። ዳንግላ የምትበትነውን ግድቡ ይሰበስበዋል ብንል ከእውነት አንርቅም።

የግልገል አባይ ራሱ መነሻ በሰከላ፣ በግሽ አባይ ነው። በዚያ ስለ አቡነ ዘርአ ብሩክ የሚነገረው ትውፊት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ጻድቁ ወታደሮች ሊወስዷቸው በመጡ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ ውሃ አደራ ሰጡት፤ ከዓመታት እስራት በኋላ ተመልሰው አደራቸውን ቢጠይቁ፣ ውሃው መጻሕፍቱን አንድ ፊደል ሳይደበዝዝ፣ አቧራቸው እንኳ ሳይረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም.፣ ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ይህን ምንጭ ለማየት ደርሰው ነበር፤ ለአገሩ ሰው ግን ምንጩ ገና ከጥንት የታወቀና የተከበረ ነው። እኛ ከዚህ ትውፊት የምንወስደው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም አደራ የሚለው ነው። ውሃ የተሰጠውን ይዞ ይሄዳልና፣ ምን እንደምንሰጠው ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

ከዳንግላ ተነሥቶ ጣናን የለካው ቆንሲል

ዳንግላ ከጣና ጋር ያላት ግንኙነት በውሃ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ መንግሥት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያቆመው ቆንሲል መቀመጫው ዳንግላ ነበረ። ቆንሲሉ ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ይባላል። ይህ ሰው ከጽሕፈት ቤቱ እየተነሣ በበቅሎ የአባይን ሸለቆ ተከትሎ ተጉዟል፤ የጣናን ዳርቻ ዞሯል፤ በደንገል ታንኳ እየተቀመጠም ደሴቶቹንና ገዳማቱን አንድ በአንድ ጎብኝቶ ካርታ አንሥቷል። ያየውንም ሁሉ በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ላይ በመጽሐፍ አሳተመው።

እንግሊዝ በዚያ ዘመን ስለ ጣና የምታስበው ለምን እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። በ1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል፣ የጥቁር አባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን ፈቃድ እንዳይሠራ ተጽፎ ነበር። ለግብፅና ለሱዳን የጥጥ እርሻ የጣና ውሃ እንደ ጎተራ ይቈጠር ስለ ነበረ፣ መሐንዲሶች እየተላኩ ሐይቁን ለክተዋል። ኢትዮጵያም በበኩሏ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን በ1920 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ልካ፣ ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ንግግር አድርጋለች።

የቺዝማን ድካም የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ወጣቱ አንባቢያችን ከዚህ አንድ ነገር ይማር። ሐይቃችንን እየዞሩ ሲለኩ የኖሩት፣ ውሃው ለምን እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድመው ያወቁ ሰዎች ናቸው። የሚለካ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፤ የማይለካ ግን ያለው ነገር ሲጎድልበት እንኳ ዘግይቶ ይሰማል።

ወሽመጡና ጌጦቹ

አሁን ወደ ውሃው እንውረድ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅላጭ ዐለት የውሃውን መውጫ ስለ ዘጋው እንደ ተፈጠረ የመሬት ሊቃውንት ይናገራሉ። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሁሉ የሚጠልቀው ስፍራ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ወሽመጡን በምዕራብ በኩል የሚያቅፈው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ነው። በአፉ ላይ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የሚባሉት ሁለት ደሴቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በክብራን ሴት አትገባም፤ በእንጦስ ግን የሴት መነኮሳት ገዳም አለ። ክብራን በጥንታውያን የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። በደቡብ ዳርቻው የባሕር ዳር ከተማ ተዘርግታለች፤ ከእርሷም ወደ ምሥራቅ፣ በደብረ ማርያም ደሴት አጠገብ፣ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ረጅም ጉዞውን ይጀምራል። በመውጫው ላይ በ1988 ዓ.ም. የተሠራው የጨረጨራ መቈጣጠሪያ የሚለቀቀውን ውሃ ይመጥናል። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጢስ አባይ ፏፏቴ ይገኛል፤ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃው ለኤሌክትሪክ ስለሚወሰድ የፏፏቴው ግርማ እንደ ጥንቱ ሁልጊዜ አይታይም።

ከወሽመጡ ጌጦች ሁሉ የተማረ ሰው አትኵሮ ሊመለከተው የሚገባው ዘጌ ነው። ከውሃው ላይ ሆነው ሲያዩት ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ያለ ደን ሆኖ ይታያል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ቡና ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያምና ሌሎቹም ገዳማት በዚህ ደን ውስጥ ተሰውረዋል። ክብ ሆነው የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት መቅደሳቸው ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው።

ስለ ዘጌ ቡና የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ነው። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። ከፈጣሪም የተቀበሉት ቃል ኪዳን የዘጌ ሰው ሳያርስ እንዲኖር፣ ሞፈርና ቀንበርም በዚያ ምድር እንዳይገባ ነው ይባላል። ስለዚህ የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ ሳያርስ፣ ቡናውንና ጌሾውን እየሸጠ እህሉን ከገበያ ሲገዛ ኖሯል። ትውፊቱን ማመን አለማመን የእያንዳንዱ ፈንታ ነው። ፍሬው ግን በዓይን ይታያል፤ በጣና ዙሪያ ማረሻ የደረሰበት ኮረብታ ሲራቆት ዘጌ እስከ ዛሬ ደን ለብሶ ቆሟል። በሕግ መጽሐፍ ያልተጻፈ አንድ ክልከላ ብዙ አዋጅ ሊሠራ ያልቻለውን ሠርቷል። ይህም ቢሆን ፈተና አላጣውም፤ የቡናው ገቢ አልበቃ ያለው ሰው የማገዶ እንጨት ቈርጦ ወደ ባሕር ዳር ገበያ መውሰዱ አልቀረም።

ሌላው የወሽመጡ ጌጥ ታንኳው ነው። ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ከጥንት ሥዕል የወጣ ይመስላል፤ በአሠራሩ በተለይ የታወቁት የወይጦ ሰዎች ናቸው። የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ያ ጀልባ ከዳር ሳይደርስ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሠራው ሁለተኛው ግን ባርባዶስ ደረሰ። ደንገሉ ውቅያኖስ ያሻግር እንጂ በገዛ አገሩ ዕጣው አላማረም፤ በከተማው አጠገብ ዳርቻው ለእርሻና ለቤት እየተመነጠረ፣ የደንገሉ ስፋት ከጥንቱ ብዙ ቀንሷል።

ዓሣውም የራሱ ታሪክ አለው። ቆሮሶና አምባዛ በሌላም ሐይቅ ይገኛሉ። በጣና ግን 15 የሚያህሉ የነጭ ዓሣ ወገኖች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ይኖራሉ፤ የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለ ለያቸው ለብቻቸው የበዙ ናቸው ሲሉ የዓሣ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ከእነዚህም አያሌዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ግልገል አባይና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ሽቅብ ወጥተው፣ ንጹሕ ጠጠር ባለበት ስፍራ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንግዲህ በባሕር ዳር ምግብ ቤት የሚቀርበው ዓሣ የተወለደው ከዳንግላ ጅረቶች በሚመገብ ወንዝ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አባይ ሳይቀላቀል ያልፋልን?

በጣና ዙሪያ ከሚነገሩት ሁሉ ይበልጥ የታወቀው፣ አባይ ሐይቁን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው ነው። በደቡብ ምዕራብ የገባው ወንዝ፣ በደቡብ ምሥራቅ ሲወጣ ያው ራሱ ነው ይባላል። የቀድሞ ተጓዦችም ይህንኑ ከሰው አፍ እየሰሙ ጽፈዋል። በእርግጥ በክረምት ከወንዙ አፍ ላይ የቆመ ሰው የደፈረሰው ውሃ ሰፊ ጎዳና መስሎ ወደ ሐይቁ ሲገባ ስለሚያይ፣ ነገሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም።

ነገር ግን የ15 ሜትሩን ቁጥር እዚህ ላይ እናስታውስ። ጥልቀቱ ይህን ያህል ብቻ የሆነውን ሐይቅ ነፋስ ከላይ እስከ ታች ያማስለዋል። ወንዙ በዚህ ውስጥ ለብቻው ሊያልፍ አይቻለውም፤ ገብቶ ይቀላቀላል፣ ፍጥነቱም ይሞታል። ፍጥነቱ ሲሞት ተሸክሞት የመጣውን አፈር ያራግፋል። ለዚህም ምስክሩ በግልገል አባይ አፍ ላይ ነው፤ ወንዙ ባወረደው ደለል የተሠራው ምድር እንደ ወፍ እግር ጣት ተዘርግቶ ወደ ሐይቁ ገብቷል። ከተለያዩ ዓመታት ከአየር የተነሡትን ፎቶግራፎች ያስተያየ ሰው ምድሩ እየገፋ፣ ውሃው እየሸሸ መሄዱን ይረዳል።

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ተረቱ ለሰው ጠባይ የተነገረ ነው፤ ስለ ወንዙ ግን አባይ ማደሪያ አለው ብለን እንከራከራለን። የመጀመሪያ ማደሪያው ጣና ነው። ከደጋው የያዘውን ጓዝም የሚያወርደው እዚያው ነው። ግንዱ የእኛ ዛፍ፣ አፈሩም የእኛ እርሻ ነበረ። የዳንግላ ገበሬ በሐምሌ ጐርፍ ያጣው አፈር ለሰብሉ ሲጎድል ለሐይቁ ይተርፋል፤ ለሁለቱም ጉዳት ነው።

ከአፈሩ ጋር የሚወርደው የማዳበሪያና የፍግ ቅሪት ደግሞ ለባዕድ አረም ምግብ ይሆናል። እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ብርቱ ጉዳት ያደረሰው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። የእኛ ወሽመጥ ከዚያ ይርቃል ብሎ መዝናናት ግን አይገባም፤ ውሃው አንድ ነው። ወሽመጡም ከከተማው የሚወርድበት ቆሻሻ የራሱ ሸክም ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በደጋው ገበሬ ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ መግባቱ ታላቅ ክብር ነው፤ መዝገብ ግን ደለል አያግድም።

ከደጋው የሚጀምር ጥበቃ

ታዲያ ምን ይደረግ? ስለ ወሽመጡ የሚመከርበት ስብሰባ የሚደረገው ባሕር ዳር ላይ ነው። የዳንግላ እርሻ ሪፖርት ግን ወደ አዊ ዋና ከተማ ወደ እንጅባራ ይሄዳል። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ወሰን በወረቀት የተሠመረ ነው፤ ቅልቲ ወንዝ ይህን ወሰን አያውቀውም። በዳንግላ የተሠራ አንድ እርከን የዳንግላ ሥራ ተብሎ ብቻ ሊቈጠር አይገባም፤ የጣናም ሥራ ነው። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ በመዝገቡ ላይ ይህን ግንኙነት ቢያሰፍር፣ ለገበሬውም ቢያስረዳ፣ ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ነገር አደረገ ማለት ነው።

መልካም ምሳሌም በቅርብ አለ። በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ባለው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር በተራቆተው መሬታቸው ላይ ተክለው፣ ከስሉን እየሸጡ፣ መልሰውም እየተከሉ ብዙ ኮረብታ አልብሰዋል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ዛፉን ማጥቃቱ ግን በአንድ ዓይነት ተክል ብቻ መተማመን አደገኛ መሆኑን አሳይቷል። ዘጌ በእምነት፣ ፋግታ በጥቅም፣ ሁለቱም ምድራቸውን በዛፍ ሸፈኑ። ሰው የሚጠብቀው ወይ የሚያከብረውን ወይ የሚጠቅመውን ነገር ነውና፣ ሁለቱ የተባበሩ እንደ ሆነ ሥራው ይጸናል።

ከሁሉም በላይ ግን መለካት እንልመድ። በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ፣ በ2006 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ራሳቸው የዝናሙን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ መጠን እየለኩ መመዝገብ ጀመሩ። ተመራማሪዎችም ያን መዝገብ ለሥራቸው ተጠቀሙበት። ከዘጠና ዓመት በፊት የዚህን አገር ውሃ ለማወቅ ከለንደን ቆንሲል መምጣት ነበረበት፤ ዛሬ ያው ሥራ በአንድ ገበሬ እጅ፣ በአንድ መስፈሪያና በአንድ ደብተር ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። በየቀበሌው የሚገኝ አስተማሪና ተማሪ ይህን ለማድረግ ምን ይሳነዋል?

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ወሽመጡ የሚወርድ ወጣት፣ የክብራንን መጻሕፍትና የዘጌን ሥዕሎች አይቶ ይደነቅ፤ ከዘጌ ቡና ይቅመስ፤ በደንገል ታንኳም ይቀመጥ። ከመመለሱ በፊት ግን ከሐይቁ በእፍኙ ውሃ ቀድቶ ይመልከት። መልኩ ደፍርሶ ቢያገኘው ምክንያቱን ከወሽመጡ ዳር ብቻ አይፈልግ። ወደ ዳንግላ ይውጣና የሐምሌ ዝናም በሚወርድበት ዕለት ከአንድ እርሻ ግርጌ ቆሞ የቦዩን ውሃ ይይ። እርከን የሌለው ማሳ ምን እንደሚሰድድ፣ እርከን ያለውም ምን ያህል እንደሚያስቀር ያን ጊዜ በዓይኑ ይረዳል።